ድንኳኑ ለቅሶ ቤት ሳለ፦ የአንድ የወልድያ ሰርግ የጉዳይ ጥናት

ይህ ስለ አንድ ሰርግ ነው። ቦታው ወልድያ፣ ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም.። ሰርጉ ትልቅ አልነበረም፤ ሙሽሮቹም ስማቸው በአገር የሚጠራ ሰዎች አይደሉም። እኔ የሙሽራዋ አጎት ጓደኛ ነኝ። "አንተ ሙዚቃ ታውቃለህ" ተብዬ የባንዱ ጉዳይ እኔ ላይ ወደቀ። በኋላ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ጉዳዩን ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። ከተማ ሲታመስ ሰው ለምን ይዘፍናል ሲባል፣ "ለመርሳት ነዋ" የሚል መልስ ይሰጣል። በዚያ ቤት ግን የረሳ ሰው አላየሁም። ሰው እየተጠያየቀ፣ እየተፈቃቀደ፣ ድምፁን እየለካ ነበር የዘፈነው።

ከተማዋ በዚያ ሰሞን

ወልድያን ለማያውቅ፣ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ በመርሳና በውጫሌ በኩል ደሴ ያስገባል፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ቆቦ፣ አላማጣ፣ መቀሌ ነው። ወደ ምዕራብ በጋሸና አድርጎ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይደርሳል። ዘመዱም፣ ዕቃውም፣ ወሬውም፣ ሙዚቀኛውም በመንገድ ነው የሚገባው። መንገድ ሲዘጋ ከተማዋ ትንፋሽ ያጥራታል።

ቅዳሜ ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ ማደሪያው ሲመለስ ወጣቶች እየጨፈሩ ነበር። በጭፈራው ውስጥ መንግሥትን የሚቃወም ግጥም ነበረበት። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ቢያንስ ሰባት ሰዎች መገደላቸውን ተናገረ። ተቃውሞው ቀጠለ፤ በቀናት ውስጥ ቆቦም መርሳም ደረሰ። ሱቅ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ንብረት ተቃጠለ። ይህ ሁሉ በጊዜው በሰፊው ተነግሯል፤ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ለኛ ጉዳይ ግን አንድ ነጥብ መያዝ አለበት። ጥይት የተተኮሰው በሚጨፍሩ ልጆች ላይ ነው። ጥምቀት ላይ "ሆ" ብሎ መጨፈር ለወልድያ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ከጥር 12 በኋላ ግን ወጣቶች ሰብሰብ ብለው መንገድ ላይ ድምፅ ማውጣታቸው ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። ሰርግ ደግሞ ያለ "ሆ" ምኑን ሰርግ ሆነ? ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ፣ ግማሹን ሰፈር በጭብጨባ እየቀሰቀሰ ነው የሚመጣው።

"ሰው በሞተበት ከተማ ምን ሰርግ ያስፈልጋል፣ ለምን አይገፋም?" የሚል አይጠፋም። ሁላችንም ብለነዋል። የቀን መቁጠሪያው ግን አላፈናፈነንም። ሰርጉ የተቆረጠው ለእሑድ ጥር 20 ነበር። በማግስቱ ጾመ ነነዌ ይገባል። ዐቢይ ጾም የካቲት 5 ይጀምራል፤ ፋሲካ መጋቢት 30 ነው። ጥር 20 ከታለፈ የሚቀሩት እሑዶች ጥር 27 እና የካቲት 4 ብቻ ናቸው። የካቲት 4 ቅበላ ነው፤ ያም ካለፈ ከፋሲካ ወዲያ ነው። ጠላው ተጠንስሷል፣ በሬው ጓሮ ታስሯል፣ የሙሽራው ፈቃድ ደግሞ ያልቃል። ሁለቱ ቤተሰቦች በስልክ ተጨቃጭቀው ጥር 27 ላይ ተስማሙ።

ባንዱ፣ ዲጄው፣ ድንኳኑ

ባንዱ ከደሴ ነበር የሚመጣው። ኦርጋን፣ ሁለት ድምፃዊ፣ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ይዞ። ቀብድ ከፍለናል። ስደውልላቸው ባለ ኦርጋኑ በጣም ትሁት ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እመጣ ነበር፤ ሹፌሩ ግን እንቢ አለ" አለኝ። ሹፌሩን ማን ይወቅሰዋል? አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዕቃ ጭኖ በዚያ መንገድ ላይ ሊቆም ነው። መቼም የአገሬ ነገር አያልቅም፤ አምባሰል የሚባለውን ቅኝት፣ ማለትም የዜማ ድምፆች አሰላለፍ፣ ሊጫወትልን የነበረ ሰው በደሴና በወልድያ መካከል ያለውን የአምባሰልን አገር ማቋረጥ አቃተው።

ከተማው ውስጥ ያለውን ዲጄ ጠየቅሁ። ዕቃው ሁሉ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። "ሞንታርቦ ከቤት አውጥቼ ቢሰበር ማን ይከፍለኛል?" አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

ዋናው ነገር የመጣው በድንኳኑ በኩል ነው። ድንኳኑ የእድር ነው። የኛ እድር ለደስታም ለሐዘንም ያለው ያው አንድ ድንኳን፣ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ድስት ነው። በዚያ ሳምንት ድንኳኑ ለቅሶ ቤት ተተክሎ ነበር። ልጅ የቀበረ ቤት ነው፤ ከሙሽራዋ ቤት ብዙ አይርቅም። ስለ ማንነታቸው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እዚህ ላይ ሐሳባችን ሁሉ ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ "ሙዚቃ ከየት እናምጣ?" ነበር ጭንቀታችን። ድንኳኑን ስንጠይቅ ግን ጥያቄው "መዝፈን ይገባናል ወይ?" ሆነ። የእድሩ ዳኛ ጭንቅላታቸውን እያከኩ "ድንኳኑ ይነሳል፤ ሰባት ካለፈ ሕጉ ይፈቅዳል። ሕግ ሌላ፣ ይሉኝታ ሌላ" አሉን። ወንዶቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ገሚሱ ሰርጉ በመዝሙር ብቻ ይለቅ አለ። ሌላው ምሳ በልተን እንበተን አለ።

መላ ያመጡት የሙሽራዋ አያት ናቸው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት የእድር ሰዎች አስከትለው ለቅሶ ቤት ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፤ ከሦስቱም የሰማሁት ግን አንድ ነው። እማማ ገብተው መጀመሪያ አለቀሱ። እንደ ደንቡ ቁጭ አሉ፣ ንፍሮውን ቀመሱ። ስለ ሰርጉ ያነሱት ሊነሱ ሲሉ ነው። "ልጄ፣ ቀን ቆርጠን ነበር። አንቺ አይሆንም ካልሽ እንተወዋለን" አሏት ለእናትየዋ። እናትየዋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ዳሯት። ከበሮውን ግን ከቤት አታውጡብኝ" አለች።

የሰርጉን ሙዚቃ የወሰነችው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። ከበሮ አለ፤ ግን ቤት ውስጥ። ሞንታርቦ የለም፤ ቢኖርም አይገባም። መንገድ ላይ "ሆ" የለም። ደሴ ያለው ባንድ መንገዱ ተከፍቶለት ቢመጣ ኖሮ እንኳ መልሰን እንሸኘው ነበር ማለት ነው።

ሙሾ፣ ወዳጃ፣ ከዚያ ሰርግ

አንድ ነገር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ዜማ ወደ ሰፈሩ የተመለሰው በተራ ነው። መጀመሪያ የተሰማው ሙሾ ነበር። የምታስለቅስ ሴት ለቅሶ ቤት ውስጥ በግጥም ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ሙሾ ሐዘን ነው፤ ዜማም ነው። ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ደረቱም ምት ይዞ ይመታል። ጥሩ አልቃሽ ወሎ ውስጥ እንደ ጥሩ ዘፋኝ ስሟ ይታወቃል።

ቀጥሎ የመጣው ወዳጃ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ቤታቸው ሐሙስ ማታ አሰናዱ። ለሌላ አገር አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ወዳጃ ወሎ ውስጥ ጭንቅ ሲመጣ የሚደረግ የጸሎት ስብስብ ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ አገር ሲታወክ ይደረጋል። ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዕጣን ይጨሳል። አንዱ በግጥም እየመራ ፈጣሪን ይለምናል፣ ሌላው እየተቀበለ "አሚን" ይላል። ጭብጨባ አለ፣ ድቤ አለ። ክርስቲያንም ይገባል፤ ማንም አይገረምም። እኔም ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ እየፈራ የሚወጣ ይመስላል። ሽማግሌው ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ሞቱት ልጆች፣ ስለ እናቶች አንጀት ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ድቤው ገባ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ጭብጨባው ጠነከረ፣ ትከሻ መወዝወዝ ጀመረ። አጠገቤ የነበረ ወጣት፣ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ የጠቆረ ልጅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ሲል አየሁት። ይህ ጸሎት ነው ወይስ ደስታ? እዚያ ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሲያበቃ ሐጂ ለእማማ መልእክት ላኩ፦ "አብሽሪ በሏት። የእስላሙን ድስት እኔ እችላለሁ።" እኛ ዘንድ ሰርግ ላይ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል። የሐጂ በግ በማግስቱ መጣ።

እና የሰርጉ ቀን ሲደርስ ሰፈሩ አልቅሷል፣ ጸልዮአል። እማማ ይህን አስበው አደረጉት አልልም። ግን ያለዚያ ቅደም ተከተል ከበሮው ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው የምናገኝ አይመስለኝም።

ማሲንቆ

አዝማሪውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ከላስታ በኩል ለጥምቀት ሥራ መጥቶ መንገድ የተዘጋበት ሰው ነው። የሚጫወትበት ጠጅ ቤት ተዘግቷል። የማደሪያ ዕዳው እየቆጠረ ነው። "ቤት ውስጥ ነው፣ ማጉያ የለም" ስለው ሳቀብኝ። ማሲንቆ መቼ ማጉያ ለምዶ ያውቃል!

እሑድ ከምሳ በኋላ መጣ። ሰዉ ሳሎንና ጓሮ ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ ከተጠራው እኩሌታው እንኳ አልመጣም። ማሲንቆውን ከከሰል ምድጃው አጠገብ ይዞ ቆዳውን አሞቀው፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን ቀባው። የጀመረው በትዝታ ነው። ትዝታ ቅኝቱ ራሱ፣ ሙሉው ትዝታ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ አምስት ድምፅ ብቻ። ሰዉ በዝምታ ሰማ። አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ። እኔ በሆዴ "ይሄ ሰውዬ ሰርጉን ለቅሶ ሊያደርግብን ነው" አልኩ። እሱ ግን ሥራውን ያውቃል። የተከዘን ሰው ድንገት ዝለል ብትለው አይዘልም። እማማ ከጓዳ ሆነው "አምባሰል!" ብለው ሲጮኹ ቅኝቱን ቀየረ። አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ያች ጠባብ እርምጃ ሆድ ታባባለች፤ ግን ወገብም ታስነሳለች። እንዴት ሁለቱንም እንደምታደርግ ሙዚቃ የተማሩ ያስረዱን። ቀጥሎ ባቲ መጣ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በወሎ ቦታ ስም መጠራታቸው ለወሎ ሰው ሁሌም የጉራ ምንጭ ነው፤ ያን ዕለት ግን ጉራው ሳይሆን ምቱ ነበር የተፈለገው። ከበሮው ገባ። ሁለት አሮጊቶች ትከሻቸውን ፈቱ።

ከዚያ "ተቀበል!" ተጀመረ። የሙሽራዋ አጎት ቀድሞ ሰጠ፦

መንገዱ ቢዘጋ እንግዳውም ቢቀር፣
ጎረቤት ይበቃል እልልታው ለሰፈር።

አዝማሪው ተቀብሎ ደጋግሞ ተጫወተው፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አንድ ሁለት ሰው በቀልድ ስለ ባለ ኦርጋኑ ገጠመ። ሳቅ ሆነ።

አንድ ወጣት ግን ተነስቶ የተቃውሞ ግጥም ሰጠ። ስንኙ ቆንጆ ነበር፤ እዚህ አላሰፍረውም። አዝማሪው ደጋኑን አላቆመም፣ ግጥሙንም አልተቀበለም። ዜማውን እያዞረ "ይሄን ለራስህ ያዘው ወንድሜ፤ ለሙሽራዋ ስጠኝ" አለው። ወጣቱ ተናደደ። "አዝማሪ እውነት ካልተናገረ ምኑን አዝማሪ ሆነ?" አለ። ይህን የሚሉ ሌሎችም ነበሩ። አዝማሪ በሰምና ወርቅ ሹም ሲሸነቁጥ የኖረ ነው ብለው። ልክ ናቸው። እኔ ግን ለአዝማሪው እፈርዳለሁ። ነገ ማሲንቆውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በየኬላው የሚያልፈው እሱ ነው። ደግሞም የቤቱ ባለቤት የጠራው ለሰርግ ነው። ለዚያች እናት የተሰጠው ቃል ከበሮው ከቤት አይወጣም የሚል ነበር፤ እንዲህ ያለ ግጥም ደግሞ ቤት ውስጥ አይቀርም።

አመሻሽ ላይ የወታደር መኪና በመንገዱ አለፈ። ከበሮ መቺዋ እጇ አየር ላይ ቀረ። አዝማሪው ብቻ ቀስ አድርጎ ቀጠለ። እማማ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ምን ሆናችሁ? ሰርግ ነው እኮ!" አሉና እልልታውን ራሳቸው ጀመሩት። መኪናው አልቆመም። ከበሮው ቀጠለ።

ሁሉም በማሲንቆ ተደሰተ ብል ውሸት ነው። ሙሽራዋ ከደሴው ባንድ አንድ የምትወደውን ዘፈን አስይዛ ነበር፤ ቀረባት፤ ከፍቷት ነበር። ጓደኞቿ ወደ መኝታ ቤት ወሰዷት። በሩን ገርበብ አድርገው ዘፈኑን ከስልክ ላይ በትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ከፈቱላት። ሳሎን ማሲንቆ፣ መኝታ ቤት ስፒከር፣ ጓሮ ደግሞ የሐጂ ልጆች በጭብጨባ ብቻ የራሳቸውን ይጫወታሉ። እየዞርኩ ሦስቱንም አየሁ። በጣም የሚስቁት መኝታ ቤት ያሉት ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ

የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ፤ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጋቢት 24 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ተሾሙ። ሰርጋቸውን ከፋሲካ በኋላ ያደረጉ ሰዎች በሌላ አየር ውስጥ ነው የደገሱት። አንዱ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሞንታርቦው መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ መንገዱ በ"ሆ" ተሞልቷል። እውነቱን ለመናገር እዚያ የበለጠ ጨፍሬያለሁ። የጥር ወሩን ሰርግ ከዚህኛው አስበልጬ ማሞገስ አልፈልግም። ባንድ ቢኖር፣ ዘመድ ሁሉ ቢመጣ፣ ማንም ባይሞት ይሻል ነበር።

የቀብዱ ነገር ትንሽ አከራክሮናል። ባለ ኦርጋኑ እኩሌታውን መለሰ፤ የቀረው ለመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ይታሰብ ተባለ። አዝማሪው ግን ከተስማማነው በላይ ይዞ ሄደ፤ ግንባሩ ላይ የተለጠፈለት ሽልማት የማደሪያ ዕዳውን ዘግቶለታል።

ያልተፈታው የሙሽራው ታናሽ ወንድም ነገር ነው። አዝማሪው ትዝታውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጥቶ ነበር፤ እስከ ማታ አልተመለሰም። ለዚህ ጽሑፍ ስጠይቀው የመለሰልኝ ቀላል አይደለም። "እናንተ የአንዲት እናት ፈቃድ ይዛችሁ ዘፈናችሁ። ሌሎቹን ማን ጠየቀ?" አለኝ። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። ቅር አላቸው። "እግሬ የደረሰበትን ጠይቄአለሁ" አሉ። እኔ ወደ እማማ አደላለሁ። በእድርና በጎረቤት ልክ የሚኖር ሰው ፈቃድም የሚጠይቀው በዚያው ልክ ነው፤ የከተማውን ሁሉ ሐዘን አንድ ቤት ጠይቆ አይጨርሰውም። ልጁ ግን ይህንንም ስነግረው አልተቀበለኝም። በስልክ የተቀረጸውን የሰርግ ቪዲዮ እንዲያይ ወንድሙ ልኮለታል፤ እስካሁን አልከፈተውም።